ማንም ያልመረጠው ተራራ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስድ ሄጄ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ማሞቂያው ላይ ተደርድረው ከተሰጡት እርጥብ ጓንቶች የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ሳላስበው ቆም አልኩ። የረጠበ ሱፍና የሞቀ ላስቲክ ሽታ ነው። ልጅ ሳለሁ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር ከፎቆቹ በአንዱ ላይ በነበረን ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ቤታችን እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ እናቴ ጓንቶቼን በመስኮቱ ሥር ያለው ማሞቂያ ላይ ዘርግታ፣ ደረቅ ባሉ ቁጥር እየገለበጠች፣ «ይኼ በረዶ እስከ ጣት ድረስ የሚገባው ምን ሊሠራ ነው?» እያለች ትቆጣ ነበር፤ የምትቆጣውም እኔን ሳይሆን ጓንቶቹን ነበር። ይህ ሽታ ሲመለስብኝ ብቻውን አይመጣም፤ ሀፍረት አስከትሎ ነው የሚመጣው፣ እኔም እስኪያልፍልኝ ድረስ ወደ መሬት እያየሁ እጠብቀዋለሁ።

ክረምት ለወላጆቼ ዝናብና ጭቃ ስለነበረ፣ የቶሮንቶን ብርድ ክረምት ብለው ሊጠሩት አፋቸው እንቢ ይላቸው ነበር፤ ዊንተር ነበር የሚሉት፣ ያውም ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው። እኔ ግን በስድስት ዓመቴ ስለመጣሁ ሳልጠላው አደግኩ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን በየሐሙሱ በቢጫ አውቶቡስ ጭኖ ከተማው ዳር ወዳለች ትንሽ ኮረብታ እየወሰደ ስኪ፣ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ያስተምረን ጀመር። የመጀመሪያ ቀን ከመቆም መውደቅ በዝቶብኝ፣ እንባዬ ጉንጬ ላይ ቀዝቅዞ ተመለስኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ሐሙስ ላይ እግሮቼ ነገሩን በራሳቸው ያወቁት መሰለኝና፣ ኮረብታዋን ከላይ እስከ ታች ሳልወድቅ ወረድኳት። በክፍሌ ውስጥ በምንም ነገር ቀድሜ የማላውቅ፣ እንግሊዝኛዬ የሚሰነካከል፣ ኳስ ተጫዋች ሲመራረጡ መጨረሻ የምቀር ልጅ ነበርኩ፤ እዚያች ኮረብታ ላይ ግን የሚቀድመኝ አልነበረም።

ማታ ማታ እናቴ ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ደክሟት ስትመለስ፣ በካልሲዬ የሳሎኑ ወለል ላይ እየተንሸራተትኩ አሳያት ነበር። ጉልበቴን አጥፌ፣ እጆቼን ወደ ፊት ዘርግቼ፣ ከሶፋው እስከ በሩ። «ማንም አይደርስብኝም እኮ እማዬ፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምደርሰው እኔ ነኝ» እላት ነበር፣ ትንሽም እየጨመርኩበት። እሷም ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች፣ «አይ፣ አንድ ቀን ባየሁሽ!» ትለኝ ነበር። ሐሙስ የሥራ ቀኗ ስለሆነ መምጣት አትችልም። ያን ዓመት ከዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ በዓይኗ በብረቷ ቆማ ከተራራ ስወርድ እንድታየኝ።

በረዶው ቀልጦ፣ ፀደይ ሆኖ፣ ፋሲካ ሲመጣ፣ አባዬ ነገሩን ለጋሽ ከበደ አወራ። ጋሽ ከበደና ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ስካርቦሮ በሚባለው የከተማው ክፍል የራሳቸው ቤት ነበራቸው። አባዬ ከእኔና ከእማዬ ቀድሞ ብቻውን ቶሮንቶ የደረሰ ጊዜ፣ ቤዝመንታቸውን፣ የቤታቸውን ምድር ቤት፣ ለቀውለት፣ ሥራ ፈልገው፣ እኛን እስኪያስመጣ ድረስ እንደ ታናሽ ወንድም አድርገው ያኖሩት እነሱ ነበሩ። ይህ ውለታ ቤታችን ውስጥ በስሙ ተጠርቶ አያውቅም፤ ሆኖም አብሮን ይበላል፣ አብሮን ይተኛል፤ ጋሽ ከበደ ሲደውሉ አባዬ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ፣ የሸሚዙን አንገት አስተካክሎ ነበር ስልኩን የሚያነሳው። ታዲያ በፋሲካ ማግስት ቤታቸው ምሳ እየበላን፣ «ማሂ እኮ ስኪ ላይ አንደኛ ናት ጋሼ፣ ፈረንጆቹን ኋላ ነው የምትጥላቸው» አላቸው። እኔ ሳህኔ ውስጥ አቀረቀርኩ፤ ደስ ብሎኝም አፍሬም ነበር። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅኩት።

በጋው አልፎ እንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ በበዓሉ ሰሞን እሑድ እንደ ልማዳችን እነ ጋሽ ከበደ ቤት ተሰበሰብን። ሁለቱ ቤተሰቦች የገና እረፍትን በየዓመቱ አብረን፣ እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነበር የምናሳልፈው፤ ያን ዕለት ግን እትዬ ዘውዴ አዲስ ሐሳብ አመጡ።

«ዘንድሮ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ እዚሁ ቤት ከምንፋጠጥ፣ ወጣ ብለን ቬኬሽን ብናደርግስ?» አሉ።

«ግሩም ነው!» አለ አባዬ ፈጠን ብሎ። «ጋሼ ወዳሉት ቦታ ነዋ።»

«እኔን ተወኝ ግርማ፣ እኔ ሾፌር ነኝ» አሉ ጋሽ ከበደ። «ሰብለ ትምረጥ። ሰብለ፣ የት ብንሄድ ደስ ይልሻል?»

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ምን አውቄ ጋሼ። እናንተን ደስ ያላችሁ ቦታ እኔንም ደስ ይለኛል።»

በይሉኝታ ያላደገ ሰው ይህን ጨዋታ ቢያይ ተራ ጭውውት ይመስለዋል። ጨዋታው ግን ሕግ አለው፤ የምትፈልገውን አትናገርም፣ ሌላው የሚፈልገውን ትገምታለህ፣ ከዚያ የገመትከውን የራስህ ፍላጎት አድርገህ ታቀርባለህ። ጋሽ ከበደ በዘወርዋራ፣ «ናያግራ ፏፏቴው ግማሹ ግግር ሆኖ ሲያዩት ድንቅ ነው ይላሉ» ብለው ነበር። አባዬ ግን እዚህ ያደገው ዮናስ ስኪ የሚፈልግ፣ እሳቸውም ይህን ያሉት ስኪ ለማይችሉት ለእሱና ለእማዬ አዝነው መሰለውና፣ «ኧረ ጋሼ፣ ስለ እኛ ብለው ዮናስን አይቅጡት!» አለ። ዮናስ የእነሱ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ፣ አማርኛ ሰምቶ እንግሊዝኛ እየቀላቀለ የሚመልስ ልጅ። እማዬ በግማሽ ድምፅ ሞንትሪያል ያለችውን የአክስቷን ልጅ አነሳች፤ እትዬ ዘውዴ ደግሞ ይህ እነሱን ላለማስቸገር የተባለ መሰላቸውና፣ «አይሆንም! ማሂ የምትንሸራተትበት ተራራ ያስፈልጋታል» አሉ። እንዲህ እየተገፋፋን፣ እንዲህ እየተዛዘንን፣ ናያግራም ቀረ፣ ሞንትሪያልም ቀረ፣ ፍል ውኃ ያለው ሆቴልም ተነሥቶ ቀረ።

«ዳድ፣ በቃ ቮት እናድርግ» አለ ዮናስ ከስልኩ ቀና ብሎ። «ሁሉም ሰው ሪሊ የሚፈልገውን ይናገር።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይሆንም» አሉ አባቱ እየሳቁ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ቁም ነገር የተናገረው እሱ ብቻ መሆኑን ማንም አላስተዋለም። ወደ እኔ ዞረውም፣ «አንቺስ ማሂዬ?» ሲሉኝ፣ ተራራውን ምን ያህል እንደምፈልግ እያወቅኩ፣ ጨዋ ልጅ እንደሚያደርገው አንገቴን ደፍቼ፣ «እናንተ ያላችሁት» አልኩ።

በመጨረሻ እትዬ ዘውዴ ከኢንተርኔት አንድ ቦታ አገኙ፤ ከቶሮንቶ በስተሰሜን፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚያስኬድ፣ ሎጅ ያለው የስኪ ተራራ። «ስኪ የሚያደርግ ስኪ ያደርጋል፣ የማያደርግ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ለሁሉም የሚሆን ማለት ይኼ ነው» አሉ። ሁላችንም «ግሩም ነው» አልን፣ ቀኑም ተቆረጠ።

ቅጠሉ ቀልቶ ሲረግፍ፣ ፎቃችን ሥር ያለው የዶን ሸለቆ ራቁቱን ሲቀር፣ እማዬ ስለ ጉዞው ሲነሣ ወሬ መለወጥ አበዛች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከኩሽና የእሷና የአባዬ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«እኔ በረዶ ላይ መቆም አልችልም ግርማ። አምና ባስ ስቶፑ ላይ የወደቅኩት ወገቤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ደግሞስ በጾም መሐል ምን ልበላ ነው?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለ አባዬ። «እነሱ ለልጃቸው ብለው አስበውበታል። አሁን አንሄድም ብንል ነውር ነው፤ ያውም ለእነሱ።»

«አውቃለሁ። እንዲያው ላንተ ነው የማወራው።»

ይህን ስሰማ የበሩን እጀታ ይዤ ቆሜ ነበር። አዘንኩላት፤ ግን ደግሞ መሄዳችን እንዳይቀር ፈራሁ፣ ፍርሃቴ ከሐዘኔ መብለጡም ገባኝ። በዚያው ሳምንት እማዬ ከታች ሾህ መሳይ ብረት የተገጠመለት ላስቲክ ገዝታ ጫማዋ ላይ አጥልቃ፣ በኮሪደራችን ኳ ኳ እያደረገች ስትለማመድ የጎረቤት ልጆች በር ከፍተው ያዩዋት ነበር። እኔም በራችንን ዘጋሁ። ስካርቦሮም ውስጥ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ወሬ ይወራ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው፤ ጋሽ ከበደ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እትዬ ዘውዴ ብርድ አይችሉም፣ «ግን ግርማ ልጁን ስኪ ሊያሳያት ጓጉቷል፣ ምን ይደረግ» ይባባሉ ነበር።

የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ በጋሽ ከበደ ቫን ተጭነን ሄድን። ተራራው ከሩቅ ሲታየኝ በደስታ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ፤ የእኛ ኮረብታ ከጎኑ ብትቆም ልጁ እንኳን አትመስልም ነበር። ከቫኑ ወርደን ወደ ሎጁ ስንገባ ግን ደስታዬ መኮማተር ጀመረ። በዚያ ሁሉ በቀለም ያበደ ጃኬት ለባሽ መሐል፣ ወላጆቼና እነ ጋሽ ከበደ የቤተ ክርስቲያን ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን እያፍተለተሉ፣ ለለቅሶ የመጡ መስለው ቆሙ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አባዬ አስተናጋጇን ጠርቶ፣ ሥጋ የሌለው፣ ቅቤ ያልነካው፣ ወተትም እንቁላልም የሌለበት፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚቀርብ ምግብ እንዳለ ይጠይቃት ጀመር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ልጅቷ በትሕትና ደጋግማ ወደ ኩሽና እየተመላለሰች ጠየቀችለት፤ ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ግን በረጅሙ ይተነፍሱ ነበር፣ እኔም እያንዳንዱ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ ለእማዬና ለእትዬ ዘውዴ የተጠበሰ ድንችና ሰላጣ መጣላቸው፤ በቆዩበት ቀን ሁሉ እሱኑ ነበር የበሉት፣ በጠየቋቸውም ቁጥር «ጠግበናል» ይሉ ነበር።

ዮናስ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት አብሮኝ ወጥቶ፣ አንዴ ወድቆ፣ የተከራየውን የስኪ ጫማ አውልቆ መልሶ አስረክቦ፣ ከስልኩ ጋር ሎጁ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ብቻዬን ከልጆች ክፍል ጋር ስሠለጥን ዋልኩ። ተራራው ግን ሊገዛልኝ አልቻለም፤ ቁልቁለቱ የከፋ፣ በረዶው የጠነከረ፣ ከእኔ ጋር ያሉት ልጆችም ከመራመድ በፊት ስኪ የለመዱ ይመስሉ ነበር። ማታ እማዬ፣ «እንዴት ነበር? አንደኛ ወጣሽ?» ስትለኝ፣ «እህ» ብዬ ጓንቴን ማውለቅ ቀጠልኩ።

እራት ላይ ሁላችንም በአንድ ክፍል ተሰብስበን ሳለን፣ እትዬ ዘውዴ እግራቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ቀብረው ወደ እማዬ ዞሩ።

«ሰብልዬ፣ እንዲያው እውነቱን ንገሪኝ፤ ይኼ ቦታ ምኑ ነው ደስ ያለሽ?»

«እኔን?» አለች እማዬ ደንግጣ። «እኔ እኮ እናንተ የወደዳችሁት መስሎኝ ነው።»

«እኛማ እናንተ የጓጓችሁለት መስሎን ነው! ከበዴ ናያግራ ናያግራ ሲል ነው የከረመው!»

አራቱም ተያዩ። ከዚያ ጋሽ ከበደ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኼ ነው!» ብለው ሳቃቸውን ሲለቁት፣ አባዬም ተከተላቸው፣ እማዬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዮናስ እንኳን ስኪ እንደማይወድ፣ ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ተናገረና ሳቁ እንደገና ተነሣ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። አንድ ባንድ ሳስብ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን ተራራ የፈለግኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያ ሁሉ ሰው በጾም፣ በብርድ፣ በጉልበት ሕመም እዚያ የተቀመጠው ለእኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ኋላ ቀር ሆኛለሁ። አልጋው ሥር ብገባ ደስ ባለኝ።

«እንግዲያውስ ነገ አንድ ሰው ሎጅ ውስጥ እንዳይቀር» አሉ ጋሽ ከበደ። «ሁላችንም ወጥተን ማሂን እናያለን። እሷን ካላየንማ ምን ልንሠራ መጣን?»

እማዬ እጄን ያዘችኝ። «በመጨረሻ ላይሽ ነው» አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ነገር በጄ ሊገባ ነበር፤ እኔ ግን ነገ ባይነጋ ብዬ ነበር የተኛሁት።

ነጋ። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ብርዱ ግን ጆሮ የሚቆርጥ ነበር። አስተማሪያችን እንደ ትናንቱ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሰን፤ በላዩ የራስ ቁሩ እስከ ቅንድብ፣ መነጽሩ እስከ አፍንጫ፣ አንገት ልብሱ እስከ ከንፈር። እንዲህ ለብሰን ስንቆም እርስ በርስ እንኳ በድምፅ ነበር የምንለያየው። በወንበር ሊፍቱ ወጥተን ከላይ ቁልቁል ሳይ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው አጥር ጥግ እነዚያ ጥቁር ካፖርቶች ተደርድረው ቆመዋል፤ እማዬ መሐል ላይ፣ በእነዚያ ባለ ሾህ ላስቲኮቿ፣ የአባዬን ክንድ ይዛ። ልጆቹ በተራ መውረድ ጀመሩ። እኔ ገና ከመነሻው አንድ እግሬ ከዳኝና ወደቅኩ፤ ተነሥቼ እስካስተካክል ሁሉም አልፈውኝ መጨረሻ ቀረሁ።

ያኔ ነው ድምፁ የተሰማው።

እማዬ በእልልታዋ የታወቀች ሴት ናት። ቶሮንቶ ውስጥ ሠርግም ሆነ ክርስትና ሲኖር «ሰብለ አለች ወይ?» ይባል ነበር፤ እልልታዋ ቀጭን፣ ረጅም፣ ትንፋሽ የማያልቅበት ነው፣ አዳራሽ ይሞላል። ያን ዕለት ተራራ ሞላ። ከላይ ቆሜ እየሰማሁ የሚወርዱት ሰዎች በመሐል መንገድ ሲቆሙ፣ በሊፍቱ ወንበር ላይ የተቀመጡት ጎንበስ እያሉ ወደ ታች ሲያዩ አየሁ። አንድ ቀይ ጃኬት የለበሰ የአደጋ ሠራተኛ ሰው የተጎዳ መስሎት የቃሬዛ መንሸራተቻውን እየጎተተ ሲበር መጣ። ከታች ደግሞ እናቴ፣ በረዶ ላይ መቆም አልችልም ያለችው እናቴ፣ አጥሩን አልፋ እየሮጠች፣ መጀመሪያ የደረሰውን ብርቱካናማ ልጅ አቅፋ ታገላብጠው፣ ግራና ቀኝ ትስመው ነበር። ጋሽ ከበደ ያጨበጭባሉ፣ እትዬ ዘውዴ በእልልታው ይቀበሏታል፣ አባዬ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። ልጁ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ እንደ እንጨት ደርቆ ቆሞ ነበር።

ከዚያ መነጽሩን አነሣ። ጠቃጠቆ ፊት ያለው ወንድ ልጅ ነበር።

የልጁ አባት ከአጥሩ ሥር መጣ፤ ቁጡ ሰው አልነበረም፣ ፈገግ ብሎ ነበር፤ «ዛትስ ማይ ሰን»፣ ልጄ ነው፣ እንዳላቸው በኋላ አባዬ ነግሮኛል። አባዬ «ሶሪ፣ ሶሪ፣ ሶሪ» እያለ እጅ ይነሣል፣ የአደጋ ሠራተኛው ማን እንደተጎዳ ይጠይቃል፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው መጀመሪያ ፈገግ፣ ቀጥሎ ሳቅ አለ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ልናደድበት እችል ነበር፤ ለደግ ሳቅ ግን መድኃኒት የለውም። አንዷ ሴት ስልኳን አውጥታ ትቀርጻቸው ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ተራራው ወገብ ላይ ደርሼ፣ ቀስ እያልኩ፣ እየተብረከረክሁ እወርድ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንደሚባለው፣ በረዶው ተከፍቶ ቢውጠኝ ተመኘሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ እንባዬ መነጽሬን እያደበዘዘው፣ «እግዚአብሔር ሆይ፣ አሁን እንዳትደግመው፤ እልል እንዳትልብኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር። ጸሎቴ ተሰማ። ስደርስ እማዬ አወቀችኝ፤ ፊቴ ባይታይም መቼም በመንቀጥቀጤ ይሆናል። እጇን ለእልልታ እንደሚደረገው ወደ አፏ አነሣች። ከዚያ ዙሪያዋን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን መልሳ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። «ጎበዝ ልጄ» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ወደ ቶሮንቶ ስንመለስ ቫኑ ውስጥ ጋሽ ከበደ ነገሩን ቀልድ ሊያደርጉት ቢሞክሩ የሚከተላቸው አጡ። እማዬ በመስኮቱ ወደ ሜዳው እያየች፣ ለማንም ሳትል፣ «አንደኛ ትወጣለች ብዬ እኮ ነው» አለች። ያን አባባል ማን እንዳስተማራት እኔና እሷ ብቻ እናውቃለን። ከጎኗ ተቀምጬ የተኛሁ መሰልኩ።

ፀደይ ሲመለስ ትምህርት ቤታችን የመዝሙር ዝግጅት ነበረው፤ እኔም ሁለት መስመር ለብቻዬ ዘመርኩ። እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ እንደሌሎቹ እናቶች በሁለት መዳፏ ለስለስ አድርጋ አጨበጨበች። እፎይ አልኩ። ጥቂት ዓመታት እፎይ እያልኩ ኖርኩ። ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ አጨበጨበች፤ ለካናዳ ዜግነት ስንምል አጨበጨበች፤ ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ፣ ከፊታችን የተቀመጡት ናይጄሪያውያን አዳራሹን በጩኸት ሲያናውጡት፣ እሷ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አጨበጨበች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥና በሰው ሠርግ ላይ እልልታዋ እንደ ድሮው ነበር፤ ሰው አሁንም «ሰብለ አለች ወይ?» ይላል። የእኔ ደስታ ባለበት ቦታ ግን የጭብጨባ ሴት ሆነች፣ እኔም ይህን ያስተዋልኩት እልልታው ሲያምረኝ ነው።

ዛሬ እኔም ስካርቦሮ ነው የምኖረው፣ እማዬም ከእኛ ጋር ናት፤ አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ባለቤቴ ብሩክ ስኪ ይወዳል፣ ልጃችን ሶልያና ሰባት ዓመቷ ነው፣ መማር ጀምራለች፤ እኔ ከዚያ ዓመት በኋላ ተራራ ላይ አልወጣሁም። የዘንድሮው የገና እረፍት ሲቃረብ የት እንሂድ የሚለው ነገር ሲነሣ፣ የድሮው ጨዋታ እንዳይደገም ብዬ እማዬን ፊት ለፊት ተቀምጬ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ይሉኝታሽን ተይውና አንቺ የምትፈልጊውን ንገሪኝ።»

«እኔን ተዉኝ፣ እናንተ የወደዳችሁት ቦታ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ስንት ጊዜ ብለምናት ከዚህ ሌላ ቃል አላወጣችም፤ እኔም ገምቼ መረጥኩላት። ፍል ውኃ ያለበት፣ የጾም ምግብ አስቀድሜ ደውዬ ያስማማሁበት፣ ከእሳት ዳር ተቀምጦ በትልቅ መስኮት ቁልቁለቱ የሚታይበት ሎጅ ነበር። ለሚንሸራተተውም ለማይንሸራተተውም የሚሆን ቦታ ዛሬ ማግኘት ቀላል ነው። ሁሉ ነገር ተሟልቶ ነበር፣ ማንም አልበረደውም፣ ማንም አልራበውም፣ ያሳፈረንም የለም።

በሁለተኛው ቀን ሶልያና ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ከላይ ልትወርድ ሆነ። እማዬ ሙቀቱን ትታ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ልጆቹ አሁንም አንድ ዓይነት ነው የለበሱት፣ ዘንድሮ ቢጫ፤ እኔ የትኛዋ እንደሆነች እየፈለግሁ ሳለ እማዬ፣ «ያቻት፣ ከኋላ አራተኛዋ» አለችኝ። እውነትም እሷ ነበረች። እየተንገዳገደች፣ ክንዶቿን ዘርግታ፣ ሳትወድቅ እስከ እግራችን ድረስ ወረደች። ራሴ እልል ልል ብዬ አፌን ብከፍት ምላሴ አልታዘዘልኝም፤ ለካ ከእሷ ሳልማረው ቀርቻለሁ።

«እማዬ፣ እልል በይላት እንጂ» አልኳት። «በሞቴ።»

እማዬ በወፍራም ጓንቷ ድምፅ በሌለው ጭብጨባ እያጨበጨበች፣ ግራና ቀኝ አየት አደረገች።

«ተይ ልጄ» አለችኝ። «ልጅቷን እናሳፍራታለን።»

ያኔ ልጇን ከሰው ልጅ ሳትለይ ተራራውን በእልልታ ሞልታው ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ቢጫ ልብስ መሐል የልጅ ልጇን ከሩቅ ለየቻት፤ ለይታም ዝም አለች።